የሰኪና መልክ በጥልፍ

ሰኪና ወረታ መንገድ ዳር ሱቅ አላት። ስኳር ስትመዝን እንኳ አንድ ዓይኗ መስታወቱ ላይ ነው። ስድሳን ካለፈች ቆየች፤ ብቻ ወሬው ለእሷ አልደረሳትም።

ገላነሽ የምትባል የቁሐር ሚካኤል መንደር ወዳጅ አለቻት። ክረምት ውሃው ሜዳውን ሲውጠው ገላነሽ ቤቷ ተቀምጣ ጥልፍ ትጠልፋለች። ዘንድሮ ምን ጠለፈች መሰላችሁ? ሰኪናን!

ገበያ ስትመጣ ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችላት። አፍንጫው እስከ አገጭ ወርዷል፤ ዓይኖቹ አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ያያሉ፤ ጆሮው ተንጠልጥሏል።

«ክረምቱን ሙሉ አንችኑ ሳስብ! በይ ሰው ሁሉ እንዲያይሽ እዚሁ ስቀይው።»

ሰኪና አጣብቂኝ ውስጥ ገባች። ብትሰቅለው የወረታ መሳቂያ ልትሆን፤ እምቢ ብትል የአርባ ዓመት ወዳጇን ልታጣ።

«ገላዬ፣ እንዲህ አምሬ ሰው ቢያየኝ እኮ ዓይን ይወጋኛል» አለች።

«እውነትሽን ነው! እኔ ሞኟ» ብላ ገላነሽ ጠቅልላ ወሰደችው። ሰኪናም አልሐምዱሊላህ ብላ ተነፈሰች።

በሚቀጥለው ገበያ ግን ገላነሽ የለችም። ተቀየመችኝ ብላ ሰኪና እህል አልወርድ አላት። በሦስተኛው ገበያ እየሳቀች ከች አለች።

«ዘዴ አገኘሁ! ማንም እንዳያውቅሽ ቀንድ ተከልሁበት። የፎገራ ላም ናት ብለው ያልፋሉ።»

ከፊቱ ግን አንዲት ክር አልነካችም። ገላነሽ ራሷ ሚስማር መትታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ወዲያው ባለባጃጁ ባየህ ሳሙና ሊገዛ መጣ። ቀና ብሎ ጥልፉን አየና፦

«እትየ ሰኪና፣ ቁርጥ እርስዎን!»

«ወይኔ፣ አወቀሽ! ላውርደው» ብላ ገላነሽ እጇን ሰደደች። ሰኪና እሰይ ልትል አፏን ስትከፍት ያ እጅ ታያት። ጣቱ ሁሉ በመርፌ ተበሳስቷል፤ ጥፍሩ ውስጥ የሩዝ ማሳ ጭቃ አለ።

«ተይው» አለች። «ይወጋኝ።»

ወደ ባየህ ዞረች።

«አንተ ደግሞ ምን ያስገለፍጥሃል? በዓይንህ በልተኸኝ ልትሄድ ነው? በል፣ ትፍ ትፍ በልበት!»

ባየህ ሳቁን አፍኖ ትፍ ቢል፣ ሳቁ አመለጠውና ምራቁ የስኳሩን ጆንያ አዳረሰው።