ከበሩ ወዲህ የነበረችው ምስክር

ዌንደል ፕሩት ወታደር ቤት ከተማራቸው ነገሮች ሁሉ የጎዳው አንዱ ነው፤ ታሞ አለመታየት። ኢራቅ ውስጥ መንገድ ላይ የፈነዳው ፈንጂ አካሉን ሳያጎድል ራስ ምታት ጥሎበት ሄደ። ሲነሳበት ዓይኑ ብርሃን አይችልም፣ ያስመልሰዋል። መኝታ ቤቱን ይቆልፍና የበሩን ሥር በፎጣ ደፍኖ ወለሉ ላይ ይዘረራል። ሲለቀው ተጣጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ምንም እንዳልነበረበት ሰው ይወጣል። ሰው ፊት ወድቆ አያውቅም፣ በዚህም ይኮራ ነበር።

ኩራቱ ያስከፈለውን ያወቀው የጉዳት አበሉ እንዲሻሻልለት በጠየቀ ጊዜ ነው። አበሉን የሚከፍለው የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ሐኪም ዘንድ ቀጠረው። በቀጠሮው ቀን ራስ ምታቱ ተነሳበት። ታዲያ ይሄ ጉድ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ደውሎ ቀጠሮውን አስለወጠ! እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት መቅረብ ነውር መሰለው። በደህናው ቀን ጫማውን ወልውሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቀደም ብሎ ደረሰ። ሐኪሙ እንዴት ነህ ሲለው፣ “ደህና ነኝ፣ የባሰም አለ” አለ። ሐኪሙም ያየውን ጻፈ፤ ጥያቄው ውድቅ ሆነ።

ይግባኙን የያዘችለት ሎርና የምትባል የድሮ የጦር ሠራዊት ነርስ ናት። በቀድሞ ወታደሮች ክበብ ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ ይዛ እንደ እሱ ያሉትን በነፃ ትረዳለች። ታሪኩን ሰምታ ስታበቃ ቁልቁል እግሩን አየችው።

“ጫማህን ወልውለህ ነው የሄድከው፣ አይደል?”

“አዎ።”

“ሁላችሁም አንድ ናችሁ። በሽተኛውን ሰውዬ ቤት ትቆልፉበትና ጤነኛውን ለሐኪም ታሳያላችሁ።”

ይግባኙን የምታየው ዳኛ የምትፈልገው ሕመሙ ከመሬት እንደሚጥለው ያየ ሰው እንደሆነ ነገረችው። ማን አይቶሃል አለችው። ዌንደል አሰበ። ይሠራበት የነበረው ጎሚስታ ቤት ባለቤት የሚያውቀው ከሥራ መቅረቱን ብቻ ነው፤ ለዚያም አባሮታል። እናቱ ሞታለች። የቀረችው የፈታችው ሚስቱ ማርላ ነበረች። ልጃቸውን ዴሲን ይዛ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል።

ለእሷ መደወል ሞት ሆነበት። ለማንም ያልነገረው ቂም ነበረው። ያኔ አብረው ሲኖሩ፣ ወለሉ ላይ ተዘርሮ ሲያቃስት ከበሩ ውጭ ኮሽ የሚል ነገር አልነበረም። ማንም አያንኳኳም፣ ማንም ስሙን አይጠራም። እናትና ልጅ ጥለውት ወጥተው የራሳቸውን ኑሮ የሚኖሩ ይመስለው ነበር። ብሞትም የሚያውቅ የለም ይል ነበር ለራሱ። ግን ይግባኙ ከወደቀ ቤቱም ሊሄድ ነው፤ ደወለ። ማርላ የጠየቀችው የችሎቱ ቀን መቼ እንደሆነ ብቻ ነው።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳበትን ሰደርያ እንኳ ሳታወልቅ ለችሎቱ መጣች። ዳኛዋ በስክሪን ላይ ሆና፣ አቶ ዌንደልን በሕመሙ ሲወድቁ አይተዋቸዋል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

“አላየሁም” አለች ማርላ።

ሎርና ዓይኗን ጨፈነች። ዌንደል አልገረመውም፤ የጠበቀው ይህንኑ ነው።

“አንድም ቀን አላየሁትም” ብላ ቀጠለች። “በሩን ይቆልፋል። እኔ የማውቀው ከበሩ ወዲህ ያለውን ነው።”

“ከበሩ ወዲህ ምን ነበር?”

“በሩ ሲቆለፍ እኔና ልጄ ጫማችንን እናወልቃለን። ከውሻው አንገት ላይ ቃጭሉን እፈታለሁ፣ ስልኩን እነቅላለሁ። ዴሲ ልደቷን ጎረቤት ቤት አክብራ ስትመለስ በእግሯ ጣት እየተራመደች ነው የገባችው፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ እኔ በሩ ሥር ቁጭ እላለሁ። ሲያስመልሰው እሰማለሁ። ዝም ሲል ደግሞ ጆሮዬን ለጥፌ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። አንዴ ባንኳኳ ድምፁ ራሱን ወግቶት ሲጮህ ሰማሁ። ሁለተኛ አላንኳኳሁም።”

ዌንደል ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ያ ሁሉ ዝምታ የእነሱ ሥራ ነበር። ጥለውኛል ሲል የኖረውን ሰው ከእነሱ የለየው አንድ የበር ሳንቃ ብቻ ነበር፤ ይህን ለማወቅ ዳኛ አስፈለገው።

ሲወጡ መኪና ማቆሚያው ላይ ደረሰባት።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“በየት በኩል ልንገርህ? ቆልፈኸው።” ቁልፏን ከኪሷ አወጣች። “የሄድኩት ስለታመምክ አይደለም፣ ዌንደል። ከበር ውጭ መኖር ደክሞኝ ነው።”

አውቶቡሱ ስለሚጠብቃት ተሰናብታው ሄደች።

ውሳኔው ቅጠል መርገፍ ሲጀምር መጣ። ተፈርዶለታል። ሎርና ስትሰማ ስቃ፣ ከእንግዲህ ጫማህን ለራስህ ወልውል አለችው። ለማርላም ደወለ፤ ደስ አላት፣ ከልቧ። ከኋላዋ ዴሲ ከጓደኞቿ ጋር ሆና በኃይል ትስቃለች። ማርላ ዝም ልታሰኛት ስትል፣ ተያት፣ ትሳቅ አላት። እስኪበቃው ሰማና ዘጋው።

በማግስቱ ራስ ምታቱ ተነሳበት። መጋረጃውን ጋረደ፣ በሩን ቆለፈ፣ ፎጣውን ሥሩ ወትፎ ወለሉ ላይ ተኛ። ቤቱ እንደ ድሮው ጸጥ አለ። ልዩነቱ፣ አሁን ጸጥ የሚያደርገው ሰው አለመኖሩ ነው። ጆሮውን አቅንቶ የባዶ እግር ዳና ፈለገ። ቆይቶ እየዳኸ ወደ በሩ ተመለሰ፣ ፎጣውን ሳበ፣ ቁልፉን ፈታ። የሚመጣ እንደሌለ ያውቃል። እንዲያም ሆኖ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው።