የሳምራዊት እናት ስም

ክላሰሩን የገዛሁት ሾላ ገበያ፣ በርበሬ ከምሸጥበት መደብ አጠገብ ነው። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ እያነበብኩ ከተትኩበት፤ ፓስፖርት፣ መታወቂያ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የልደት ሰርተፍኬቶች። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ፊደል በፊደል እየለየሁ ስለማነብ አንዱን ገጽ ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል።

ልጄ ሳምራዊት የምትኖረው ጀርመን ነው። በኅዳር የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ትወልዳለች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። «እማዬ፣ ብቻዬን አልችልም፤ ነይልኝ» አለችኝ። የጉብኝት ቪዛ ለመጠየቅ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ለቪዛ ጠያቂዎች ፎርም የምትሞላ ትግስት የምትባል ልጅ አለች። ክላሰሩን ስታገላብጥ ሳቀች።

«ማዘር፣ እንደርስዎ ያለ ሰው ይብዛልኝ! ሌላው በፌስታል ጠቅልሎ ነው የሚያመጣልኝ።»

ደስ አለኝ። እሷ ግን ሳምራዊት የላከችልኝ የመጋበዣ ደብዳቤ ላይ ስትደርስ ቆመች። እሱን በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ አላነበብኩትም።

«ልጄ ጋር ነው የምሄደው ብለውኝ አልነበር? እዚህ ግን ስለእርስዎ ‹እህቴን የሺአረግ ቢተውን ጋብዣለሁ› ይላል።»

የሳምራዊትን የልደት ሰርተፍኬት አወጣሁ። ስሟን አንብቤ ስለረካሁ ከዚያ በታች አልሄድኩም ነበር። አሁን በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። የአባት ስም፣ ቢተው። ይህን አውቃለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ስወልዳት የልጅቷ አባት ጠፋ፤ አባቴ «አባት የሌለው ልጅ በቤቴ አያድግም» ብሎ በራሱ ስም አስመዘገባት። በሰፈራችን እንዲህ ያደገ ልጅ ብዙ ነው። ሰርተፍኬቱንም ያወጣው እሱ ነው። ሲሰጠኝ ማንበብ ስለማልችል አጣጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ቀጥሎ የእናት ስም ይላል። ተናኜ።

ተናኜ የእኔ እናት ናት። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ከትግስት ቢሮ ወጥቼ ደረጃው ላይ ሆኜ ለሳምራዊት ደወልኩ።

«ሳሚ፣ ለምን እህቴ አልሽኝ?»

«እማዬ፣ እዚህ ስመጣ ያስገባሁት ያንን ወረቀት ነው። እናቴ ሞታለች ብዬ ነው የሞላሁት። አሁን እናቴ መጣች ብል ዋሽተሻል ብለው መኖሪያ ፈቃዴን ቢቀሙኝስ?»

«ፍርድ ቤት ሄጄ ላስተካክለው?»

«እሱ እኮ ነው እኔን የሚያጋልጠኝ!»

«እስከ ዛሬ ታውቂ ነበር?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

«በቃ፣ አታልቅሺ፤ ለሆድሽ ጥሩ አይደለም» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁት።

ተመልሼ ገባሁ። «እህቴ ናት» አልኩ። «ልጄ የምላት ስላሳደግኳት ነው።»

«አይ ማዘር! እኔ ደግሞ ያቺን የምታህል ልጅ መቼ ወለዱ ብዬ ስደነቅ ነበር! ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ እንዲህ አምልጦዎት ‹ልጄ› ካሉ አለቀልዎት። ይምጡ፣ እንለማመድ።» ወንበሯን አስተካክላ ፊቷን ኮስተር አደረገች። «ሳምራዊት ምንዎ ናት?»

«እህቴ።»

«እናታችሁ የት ናቸው?»

«ሞታለች።»

«ልጅ አለዎት?»

ክላሰሩን አየሁት። እውነቱን የሚናገርልኝ አንድም ወረቀት የለበትም።

«የለኝም።»

ትግስት ከልቧ አዝና ከንፈሯን መጠጠች። «ቢኖርዎት ጥሩ ነበር። ልጅ እዚህ ትቶ የሚሄድ ሰው ይመለሳል ብለው ያምናሉ። ደግሞ ቶሎ ይመልሱ፤ ሲያመነቱ ይጠረጥራሉ። እንደገና። ልጅ አለዎት?»

«የለኝም» አልኩ።

«ጎበዝ» አለች። «አሁን አላመነቱም።»