የሩቁ ሐኪም

ባሌ ደምመላሽ የአውቶብስ ሹፌር ነው፤ ነበር ማለት ይሻላል። አምስት ወር እንቅልፍ አጥቶ ሥራውን ካቆመ ወዲህ ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ያለችው ቤታችን ሶፋ ላይ ተቀምጦ የጠፋ ቴሌቪዥን ያያል። ጂፒያችን፣ የሰፈራችን ጠቅላላ ሐኪም፣ ሁለት ጊዜ አየችውና ወደ አእምሮ ሐኪም ላከችው። ክሊኒኩ ከበራችን የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። እኔ ደስ አለኝ፤ እሱ ሞት የተፈረደበት መሰለ።

«አብደሃል ልትይኝ ነው?» አለኝ።

አስረዳሁት። ሳይካያትሪስት ማለት እንደ ማንኛውም ሐኪም ሕክምና ተምሮ፣ ከዚያ በአእምሮ ሕመም ላይ የሠለጠነ ሰው ነው። ይጠይቅሃል፣ ያዳምጥሃል፣ ካስፈለገ መድኃኒት ያዝልሃል፣ አለዚያም ቁጭ ብሎ ወደሚያነጋግርህ ባለሙያ ይልክሃል፤ የሚይዘው እስክሪብቶ እንጂ ሰንሰለት አይደለም አልኩት። እሱ ግን የፈራው ሐኪሙን አይደለም፤ ሐበሻን ነው።

«እዚህ ሰፈር ስገባ ስወጣ የሚያየኝ ስንት ሰው አለ? ሩቅ ያለ ፈልጊልኝና አፕላይ አድርጊ።»

የለንደን ሰው ቅርብ ሐኪም አጣሁ ብሎ ያለቅሳል፤ እኔ ቀረበብኝ ብዬ ስልክ ላይ ተንጠለጠልኩ። የክሊኒኩ ስልክ ተቀባይ ምክንያቴን ስትጠይቀኝ «ለቤታችን በጣም ይቀርባል» አልኳት። በሽተኛዋን ያገኘች ሳይመስላት አልቀረም። ሌላ ሦስት ወር ጠብቀን፣ በሁለት ባቡርና በአንድ አውቶብስ ሐበሻ አይረግጠውም የተባለ የከተማው ጫፍ ደረስን።

የመጠበቂያ ክፍሉን በር ስንከፍት ጋሼ ተክለአብ ቁጭ ብለዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ አምና «ጭንቀት የእምነት ማነስ ነው» ብለው ሁለት ሰዓት ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተዋል።

«ለሰው ላስተረጉም ነው የመጣሁት» አሉ፣ ሳንጠይቃቸው። በክፍሉ ውስጥ ከእኛ ሌላ የነበሩት ሁለት ፈረንጅ አሮጊቶች ናቸው፤ አስተርጓሚ የሚያሻቸው አይመስሉም።

«እኔም ጌጤነሽን ይዣት ነው፤ እንቅልፍ እምቢ አላት» አለ ባሌ ወደ እኔ እየጠቆመ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ደሜ ፈላ። ግን ባጋልጠው ከበሩ እንደሚመለስ ስለማውቅ አንገቴን ደፍቼ አበድኩ።

ሐኪሟ ዘንድ ስንገባ ይናገራል ብዬ ነበር። እንዴት ነህ ስትለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ። እንቅልፍስ? ይመስገን። ምግብስ? ይመስገን። ልናገር ስል እግሬን ረገጠኝ። የእኛ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ ቢጠይቁት ደህና ነኝ ብሎ ነው የሚያልፈው። ሐኪሟ እሱንም እኔንም አየችና የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠችን።

እሑድ ጋሼ ተክለአብ ከመድረክ ስሜን ጠሩ። «እህታችን በመንፈስ እየተዋጋች ነው» ብለው ፊት አውጥተው አንበረከኩኝ። ሰው ሁሉ እጁን ጫነብኝ፤ ባሏ ይጸልይላት ተባለ። እኔ በልቤ እየተሳደብኩ ነበር።

«ጌታ ሆይ» አለ ደምመላሽ፣ «እንቅልፍ ካየች ስምንት ወሯ ነው። ልጆቿ ሲስቁ አይሰማትም። ምግቡ አፈር አፈር ይላታል። ደህና ነኝ ማለት ደክሟታል።»

ስምንት ወር ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ስንገላበጥ ይህን አንድ ቀን አልነገረኝም። ስድቤን ትቼ ቃሉን መያዝ ጀመርኩ፤ በቀጠሮው ቀን ለሐኪሟ አንድ በአንድ ልነግራት።

«ባቡር ሲመጣ ወደ ግድግዳው ትሸሻለች፤ ራሷን አታምንም። ጌታ ሆይ፣ ሰኞን አሳያት።»

ጉባኤው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እኔ አሜን ማለት አቃተኝ። ከተንበረከክሁበት ተነሥቼ የባሌን እጅ ያዝኩና፣ በዚያ ሁሉ ሐበሻ ፊት፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ።