የጋሽ ቬልኮ መንፈቅ

ጋሽ ቬልኮ መሞቱን ያነበብኩት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ነው።

ፊቱ በነጭ ወረቀት ላይ ይስቃል። ዙሪያውን ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። ከራሱ በላይ በትልቁ «ስድስት ወር» ይላል፤ ከአገጩ ሥር «ቬልኮ ጌንቼቭ»፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ በትንንሹ «ከዝላቲና»። ዝላቲና እኔ ነኝ። እዚህ በዳኑብ ዳር ባለችው ከተማችን በሎም መርዶ አይነገርም፣ ይለጠፋል። ሰው የሞተ ለት አንድ ወረቀት፣ በአርባው ሌላ፣ በመንፈቁ ሌላ። በከተማችን በሕይወት ካሉት ሰዎች ይልቅ ምሰሶ ላይ የተለጠፉት ሙታን ይበዛሉ።

ጋሽ ቬልኮ አልሞተም እኮ! ከትናንት ወዲያ በእኔው ጂም ውስጥ ብረት እያነሳ ሲቀልድ ነበር። ይህን ወረቀት ካየ ግን የሚሞት መሰለኝ።

ጂሜ ድሮ የጫማ መጋዘን የነበረ ምድር ቤት ነው። ወጣቱ ጀርመን ገብቶ አልቋል። የቀሩኝ ደንበኞች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ፤ እስከ ገና አዲስ ሰው ካላመጣሁ በሩን መዝጋቴ ነው። ለሰው የማሳየው ማስረጃ ደግሞ ጋሽ ቬልኮ ብቻ ነው። አምና ክረምት ዓሣ ገበያ መሀል ልቡ ከድቶት በቃሬዛ የወጣ ሰው፣ ስድስት ወር አብሮኝ ስፖርት ሠርቶ ቦርጩ ጠፋ፣ ደረጃ ሳያለከልክ መውጣት ጀመረ። «የኔን ፊት ለጥፊው፣ ይጎርፉልሻል» ያለኝም ራሱ ነው። ሚስቱ እትዬ ጊንካ ፎቶውን ስትሰጠኝ እጄን ጨብጣ፣ «ልጄ፣ ስፖርቱን ሐኪሙም ወዶታል። ድንጋጤ ግን አይችልም፣ አደራ!» ብላኝ ነበር።

ያቺ አደራ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ትዝ አለችኝ። ወረቀቱን መላጥ ጀመርኩ። ሙጫው ገና አልደረቀም።

«እጅሽን ሰብስቢ!» አለችኝ ዳቦ ሻጯ እትዬ ቶዶርካ ከውስጥ ብቅ ብላ። «የሙት ወረቀት ይቀደዳል እንዴ? እሱን ዝናብ ነው የሚያነሳው!»

«እትዬ ቶዶርካ፣ ጋሽ ቬልኮ አልሞተም።»

«መንፈቁ ነው ይላል እኮ።» ጠጋ ብላ አነበበችና አማተበች። «ቅዳሜ ዳቦ ገዝቶ ሄዷል። ‹እየወፈርሽ ነው› ብሎ ቀልዶብኛል። ታዲያ ቅዳሜ የመጣው ማነው? ኧረ ተይ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ አታስፈሪኝ!»

እየተራመድኩ ለባለ ማተሚያ ቤቱ ለጸንኮ ደወልኩ። በከተማችን የሰርግ ካርድ የሚያሳትም ከጠፋ ቆይቷል፤ ጸንኮን የሚያኖረው መርዶ ነው። ትናንት በስልክ ያዘዝኩትም ረጅም አልነበረም፤ ሰው ብዙ ጽሑፍ አያነብም ብዬ። ፊቱን ትልቅ አድርገው፣ ከላይ ስድስት ወር በል፣ ከታች ስሙን፣ ከዝላቲና ጂም ብለህ ስልኬን ጨምርበት። ሌላው እንደተለመደው።

«ጸንኮ፣ ምን አደረግከኝ?»

«ነፍስ ይማር እህቴ። አላማረም እንዴ?»

«የጂም ማስታወቂያ እኮ ነው ያዘዝኩህ!»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ስልኩስ ገርሞኝ ነበር። ለሙት ማን ይደውላል ብዬ አወጣሁት። ጂም የሚለውንም፣ ለሐዘን አይሆንም ብዬ ተውኩት። ደግሞ ‹እንደተለመደው› አልሽኝ። እኔ ቤት የተለመደው ይኸው ነው!»

«የት የት ለጠፍከው?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ጋ፣ ሆስፒታሉ አጥር ላይ፣ ዳቦ ቤቱ... መጀመሪያ ግን ሟች በር ላይ ነው። ደንቡ እሱ አይደል?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁና ሮጥኩ። ሰው ማሠልጠን ሥራዬ ነው፣ ሩጫ አልፈራም። ያን ቀን ግን ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። ለጋሽ ቬልኮ እየደጋገምኩ እደውላለሁ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። በየምሰሶው ላይ እሱ ራሱ እየሳቀ ያሳልፈኛል። መቅደዱን ተውኩት። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ነገር በራሴ ውስጥ ይመላለስ ነበር። እትዬ ጊንካን ምን ብዬ አያታለሁ? አንቺ አደራ ያልሽኝን ሰው በማስታወቂያ ገደልኩት ልበላት?

ቤቱ ስደርስ ወረቀቱ በሩ ላይ፣ ልክ በዓይን ትክክል ተለጥፏል። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ጋሽ ቬልኮ!»

መልስ የለም። እትዬ ጊንካ እህቷ ጋ ገጠር እንደሄደች አውቃለሁ። ከማድ ቤት ድምፅ ሰማሁና ገባሁ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ይንጫጫል። የምደውለው እኔው ነኝ። አጠገቡ የተነከሰ ዳቦና አይብ አለ። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከአልጋው ወዲያ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሳይቀር ወድቆ እንዳላገኘው እየፈራሁ ፈለግኩት።

ስወጣ ጎረቤቱ ጋሽ ቶሽኮ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። በአንዲት የለውዝ ዛፍ ምክንያት ከጋሽ ቬልኮ ጋር ከተኳረፉ ዘመናት አልፈዋል።

«መነጽር አላደረግኩም ነበር» አለኝ ሳልጠይቀው። «ፎቶና ጥቁር መስመር ከሩቅ አየሁ፣ በቃ። ሞት አይኮረፍም ብዬ ከግቢዬ አራት ጽጌረዳ ቆረጥኩ። አንኳኳሁ። ራሱ ከፈተልኝ! ራሱ እኮ ነው የምልሽ!»

አራት። እኛ ዘንድ በሕይወት ላለ ሰው አበባ በጎዶሎ ቁጥር ነው የሚሰጠው፤ ጥንድ የሙት ነው። ጋሽ ቬልኮ ይህን አይቶ እንደሚገባው አልተጠራጠርኩም።

«ምን አለህ?»

«ምንም። አበባውን ተቀበለኝ። ዞሮ ወረቀቱን አነበበ። ከዚያ ደረቱን ጭምቅ አድርጎ ያዘና ወደ ወንዙ ወረደ። ብጠራው አልዞረም።»

ደረቱን ይዞ! ወደ ዳኑብ ቁልቁል እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጉሙ ውኃው ላይ ተኝቷል። ወደ ውኃው የሚወርደው ደረጃ ባዶ ነው፣ አግዳሚ ወንበሮቹም ባዶ ናቸው። ከደረጃው ጫፍ ጎንበስ ብዬ ውኃውን ሁሉ አየሁ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ የመኪናዬ ቁልፍ ጂም እንዳለ ትዝ አለኝ፤ ሆስፒታል ሄጄ ልፈልገው ዳር ዳሩን ወደ ጂሜ ሮጥኩ።

ጋሽ ቬልኮ የጂሜ በር ደረጃ ላይ ተቀምጧል። አንድ እጁ ደረቱ ላይ ነው። በሌላው አራቱን ጽጌረዳ ይዟል።

አጠገቡ ተንበርክኬ የእጁን አንጓ ያዝኩ። ይመታል። ይፈጥናል፣ ግን አይዘልም፤ ይመታል።

«ያምሃል? ሐኪም ልጥራ?»

«አያመኝም» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ደረቴን የያዝኩት መምታቱን ላጣራ ብዬ ነው። አትሳቂ ዝላቲና። ሳነበው ለአፍታ አመንኩት። ሞቼ ስድስት ወር ሙሉ የነገረኝ የጠፋ መሰለኝ። ቤት ብቻዬን መቀመጥ ፈራሁ። ዛሬ ማክሰኞ የስፖርት ቀኔም ነው ብዬ፣ እየዳበስኩት እዚህ መጣሁ።»

«ይቅር በለኝ ጋሼ። ጸንኮ ነው... እኔ ነኝ...»

«ለጥፊኝ ያልኩሽ እኔ አይደለሁ? ለጠፍሽኝ።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ይህን ጊዜ ጋሽ ቶሽኮ ከጉሙ ውስጥ እያለከለከ ብቅ አለ። ተከትሎኝ ኖሯል። ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅነው።

«አልሞትክም?» አለው።

«እስካሁን አልሞትኩም።»

«እኔ ግን ልሞት ነበር!» ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም። «የልብ በሽተኛው እሱ፣ ጤነኛው እኔ ነበርን። በሩን ሲከፍትልኝ ግን እሱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እኔ አጥር ይዤ ነው የተረፍኩት። አንቺ ልጅ... ለኔ ዕድሜ የሚሆን ነገር አለሽ?»

ያን ሁሉ ወር ስለምነው የኖርኩት አዲስ ደንበኛ መጣልኝ። እኔ ግን የጋሽ ቬልኮን የልብ ምት እየቆጠርኩ ነበር።

«አላት» አለ ጋሽ ቬልኮ በኔ ፋንታ። ከአራቱ ጽጌረዳ አንዷን መዘዘና ለጋሽ ቶሽኮ ዘረጋለት። «ይቺን መልሰህ ውሰዳት። ያስፈለገች ቀን ታመጣታለህ።»

የቀሩትን ሦስቱን ለእኔ ሰጠኝ። በአንድ እጄ ተቀበልኩት። ሌላው እጄ አሁንም አንጓው ላይ ነበር፤ ለመልቀቅ ፈርቼ።