ቻይ

«ሶብር አድርጊ። ቻይ፣ ልጄ» አለቻት አክስቷ ዘይና። ሐዲጃ ለአባቷ ለቅሶ ከደሴ ከመጣች ጀምሮ ሴቱ ሁሉ ሌላ ቃል የሌለው ይመስል የሚላት ይህንኑ ነው። ቻይ የሚባል ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ አንገሽግሿታል።

አባቷ ጀይሉ ጨፋ ሜዳ ላይ ባለ ዘይት ፋብሪካ ጄኔሬተር ያንቀሳቅስ ነበር። ፋብሪካው ከመንግሥት የመብራት መስመር ጋር አልተገናኘም። መጭመቂያው ሲነሳ ጄኔሬተሩ ያቃስታል፤ ሃምሳ ላይ መቆም ያለበት የጄኔሬተሩ መለኪያም ይወርዳል። ያኔ ጀይሉ ጭነቱን ለመቀነስ የውሃ ፓምፑን ያጠፋል። ወደ ሠራተኞቹ ሰፈርም «ሐዲጃ፣ አጥፊ!» ብሎ ይጣራል። የሰፈሩ ትልቅ ማቀዝቀዣ ማብሪያ እነሱ በር ላይ ነበር። ድምፁ ሲስተካከል «መልሺ!» ይላል። ታንከሩ ውሃ አለው፣ ማቀዝቀዣውም ቶሎ አይሞቅም፤ ስለዚህ «ቻዮቹ» ይላቸው ነበር።

ቤት ውስጥም እንደዚያው ነበር። አዲስ ጫማ ለወንድሟ ለቶፊቅ ይገዛል፤ ቶፊቅ ያለቅሳላ። እሷን «አንቺ ቻይ ነሽ» ይላታል።

ባለፈው ሮመዳን ደውሎ ነበር። «ለዒድ ነይ እስቲ፤ ደክሞኛል» አላት።

«አንተም ቻል እንጂ፣ አባ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ሳትመጣ ዒድ አለፈ። ጀይሉም ብዙ አልቆየም።

የአባቷ የሥራ ባልደረባ ሸምሱ ከወንዶቹ መካከል ተነስቶ መጣ። «አውፍ በሉኝ፤ ኑጉ ሊበላሽ ስለሆነ ማሽኑን ላስነሳ ነው» አለ። ከዚያ ሐዲጃ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «አባትሽ ‹ቻዩን ማጥፋት ቀላል ነው፤ መመለስ ከረሳህ ግን ውስጡ ያለው ይበላሻል› ይለኝ ነበር። ‹ሐዲጃን ሳልመልሳት ቆየሁ› ይላል።»

«ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ለዒድ ስትመጪ ሊነግርሽ ነበር።»

ሸምሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ጥቂት ቆይቶ መጭመቂያው ተነሳ። በቤታቸው ደጅ የተተከለው የለቅሶ ድንኳን አምፖል ፈዘዘ፤ ጄኔሬተሩ አቃሰተ። ማንም አልተጣራም። ሐዲጃ ተነስታ በሩ ጋ ሄደችና ማቀዝቀዣውን አጠፋችው። ድምፁ ቀስ በቀስ ተስተካከለ።

«ነይ ቁጭ በይ እንጂ» አለቻት ዘይና።

«ሳልመልሰው አልቀመጥም» አለች ሐዲጃ። እንባዋ ይወርዳል፤ እጇን ግን ከማብሪያው ላይ አላነሳችም።