የአስራት ዶክትሬት

በ2009 አስራት ሲሞት እድሩ ከሬሳ ሳጥኑ በፊት የተጨነቀው ለማዕረጉ ነበር። ሰውዬው በወጣትነቱ ጀርመን ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ጀምሮ ሳይጨርስ ወጥቶ፣ አሜሪካ ሳን ሆዜ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ሲነዳ ኖሯል። ግን ጀርመን ደርሶ ያለ ዶክትሬት የተመለሰ አበሻ ታይቶ አይታወቅምና ሕዝቡ ዶክተር ብሎ ሾመው። አይደለሁም ባለ ቁጥር «አይ ትሑት!» ይሉታል። አዎ ነኝ ቢል ኖሮ ይጠረጥሩት ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ ኤርምያስ የሕይወት ታሪኩን ሊጽፍ ለቅሶ ቤት ሲመጣ፣ የአስራት ሚስት የወርቅውሃ አንድ ነገር ለመነችው፤ ባሏ በቁሙ ያልፈለገውን ስም ይዞ እንዳይቀበር።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ እትዬ። አይዞዎት፣ ኤዲት አደርገዋለሁ» አላት።

ኤዲቱ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰማ። ኤርምያስ «ፈላስፋው ላይብኒዝ የተማረበት፣ የፊዚክስ ሊቁ ሃይዘንበርግ ያስተማረበት ዩኒቨርሲቲ» እያለ ሲያነበንብ የአስራት ወንበር በሁለቱ መካከል የነበረ አስመሰለው። ወደ ሦስት መቶ ዓመት የሚጠጋው የሁለቱ ልዩነት ለኤርምያስ ምኑም አልነበረም። ሻትል መንዳቱም «የትራንስፖርት ዘርፍ አማካሪነት» ሆነ።

የወርቅውሃ ተነሥታ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደች።

«አስራት ዶክተር አልነበረም» አለች። «ፈተና ወድቆ ነው የወጣው። ‹ላይብኒዝም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ተከልክሎ ነው የሄደው› እያለ ይስቅ ነበር። ሻትል ነጂ ነበር፣ ሥራውንም ይወድ ነበር። እባካችሁ በራሱ ስም ቅበሩልኝ።»

ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። የሰሟት መሰላትና ደረቷን ቀለል አላት።

መቃብሩ ላይ ኤርምያስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ጉሮሮውንም ጠረገ።

«ከታላቁ ላይብኒዝ ጋር በአንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓይነት ዕጣ የደረሳቸው፣ ዶክተር አስራት» አለ።

ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ የላይብኒዝ ቤተሰቦች ለቅሶው ላይ መጥተው እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቁ።

የወርቅውሃ ሳቋ አመለጣት። ሴቶቹ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ ብለው ደግፈው ያዟት። ወዲያው ግን ከልቧ አለቀሰች። ይህን ቤት ገብታ የምታጫውተውና አብሯት የሚስቀው ብቸኛ ሰው አፈር እየለበሰ ነበር።