የቀያሹ ቴአትር

አቶ ገብረ ሕይወት ዕድሜያቸውን በመንግሥት ቀያሽነት ጨርሰው ጡረታ ቢወጡም ቢቸና ውስጥ ሥራ አላጡም። በድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞች ይጠሯቸዋል፤ የመሬት ክርክር ሲከር ፍርድ ቤት ባለሙያ ብሎ ያስመሰክራቸዋል። ሥራ በሌለ ቀን ጓሮ ወርደው የንብ ቀፏቸውን ያያሉ፤ የኮክ ችግኛቸውን ይኮተኩታሉ።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን የዘፈን ቴአትር ነበር። በጎልማሳነታቸው አዲስ አበባ ሲሠሩ እሑድ እሑድ ከቴአትር ቤት አይጠፉም። ሰዎች መድረክ ላይ እየዘፈኑ ሲጣሉ፣ እየዘፈኑ ሲታረቁ ሲያዩ እንባቸው ይመጣ ነበር። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ የገዙትን አኮርዲዮን ይዘው ገቡ። ከጡረታ በኋላም ተቀምጠው የራሳቸውን ቴአትር ጻፉ። ዓባይን ተሻግሮ የቀረ ባሏን የምትጠብቅ ሙሽራ ታሪክ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚዘፈን።

ሙሽራዋን የምትጫወተው ሰብለ ወንጌል የምትባል የከተማው ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። አባቷ አቶ ወልደ ኪዳን ከሞጣ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ገበሬ ናቸው። ድምፅዋ ከፍ ሲል አይሰነጠቅም፣ ዝቅ ሲልም አይጠፋም። አቶ ገብረ ሕይወትና ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ልጅ አልወለዱም፤ ልጅቷ ለልምምድ በመጣች ቁጥር ቤታቸው ሰው ሰው ይሸት ነበር።

የጎደለው አዳራሽ ብቻ ነው። የከተማው አዳራሽ ቁልፍ በአንድ ሹም እጅ ነበር። አቶ ገብረ ሕይወት ደጋግመው ደጅ ቢጠኑት «ለአዝማሪ አልተሠራም» ብሎ መለሳቸው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት አዲሱ የእርሻ ግብር መጣ። ያው ሹም አስጠራቸውና ወንበር ሰጣቸው።

«አቶ ገብረ ሕይወት፣ ሞጣ በኩል መሬት የሚለካልን ሰው አጥተናል። ወጣቶቹ ቀያሾች ፈርተው እንቢ አሉ። እርስዎ የአገሩ ልጅ ነዎት፤ ያከብሩዎታል።»

«እኔ እኮ ጡረተኛ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ይህን ጨርሰው ይምጡ፤ አዳራሹን እከፍትልዎታለሁ። እንግዶችም እጋብዛለሁ።»

ማታ ለባለቤታቸው ሲነግሯቸው ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«አንቱ፣ የጎጃም ሰው መሬት የሚለካበትን ቀላድ ሲያይ ምን እንደሚሆን ጠፍቶዎት ነው?»

«ለክቼ እመለሳለሁ። ግብሩን የምጥለው እኔ አይደለሁም።»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እንዝርታቸውን አንሥተው መፍተል ቀጠሉ። ሰብለ ወንጌል ግን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ አባቴ ያሉበት አገር ነው» አለች። «ርስት የተነካ ከመሰላቸው አይመለሱም። ሌላ ሰው ይሂድ።»

«ሌላ ሰው ከሚሄድ እኔ ብሄድ አይሻልም? አባትሽን በደንብ አነጋግራቸዋለሁ» አሏት። ራሳቸውም አምነውት ነበር።

ገጠር ወርደው ያገኟቸው አቶ ወልደ ኪዳን ረዥም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ቀያሹ ልጃቸውን ዘፈን የሚያለማምዱ መሆናቸውን ሲሰሙ ቤት አስገብተው ጠላ አስቀዱላቸው። ከዚያ እርሻቸው ዳር አብረው ቆሙ።

«ይህን መሬት ከአባቴ ነው የተቀበልኩት» አሉ አቶ ወልደ ኪዳን። «ስንት ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ ከተለካ ነገ ይሸነሸናል፤ ከነገ ወዲያ የሌላ ነው።»

«ለግብር ያህል ነው እንጂ ማንም አይወስድብዎትም።»

«እርስዎ እንግዳዬ ነዎት፤ ክፉ አልናገርዎትም። ቀላዱን ግን ይዘውልኝ ይሂዱ።»

አቶ ገብረ ሕይወት ያን ቀን ሄዱ። በማግስቱ አቶ ወልደ ኪዳን ገበያ ሲወርዱ ጠብቀው ተመለሱና ችካል ተከሉ። ሽማግሌው ሲመጡ ችካሉን አንድ በአንድ ነቅለው፣ ሰብስበው፣ ከመንገድ ዳር አስቀመጡት። አልሰበሩትም።

ሥራው ቆመ። ሹሙ ከወታደሮች ጋር ሞጣ ድረስ መጣ። «ማነው የነቀለው?» አለ። አቶ ገብረ ሕይወት ጎንበስ ብለው ቀላዱን መጠቅለል ጀመሩ። ሹሙም፣ «እንግዲህ ሥራው ካልተፈጸመ እኛም የተባባልነው ቀረ» አለ። ያን ጊዜ አቶ ገብረ ሕይወት የአቶ ወልደ ኪዳንን ስም ተናገሩ። «ሽማግሌ ናቸው፤ ምከሯቸው እንጂ አትንኳቸው» ብለው ጨመሩበት። ሹሙ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ወታደሮቹ ሲደርሱ አቶ ወልደ ኪዳን አውድማ ላይ ነበሩ። ይከተሉን ሲሏቸው መንሻቸውን ይዘው ቆሙ። ማን እንደተኮሰ ኋላ ሁሉም ካደ። ሽማግሌው ባልተነፈሰው ጤፍ ላይ ወደቁ።

አቶ ገብረ ሕይወት ለቅሶ ሄዱ። አለመሄድ አልሆንላቸው ብሎ ነው። ሰብለ ወንጌል ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ፣ የአባቷን ጋቢ ታቅፋ ከለቀስተኛው መካከል ቆማ ነበር። ስታያቸው አልጮኸችም። አስለቃሿን በእጇ ዝም አሰኘችና ሙሾውን ራሷ አወረደችው፤

«ቀላድ ይዞ መጥቶ ርስታችንን ለካ፣
ላባቴ መቃብር ልኩ ኖሯል ለካ።»

ለቀስተኛው ተቀበላት። ዞሮ ዞሮ ሁሉም ያያቸው ጀመር። አንድ ሽማግሌ ክንዳቸውን ያዝ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ ሰው ሳይናደድ ይሂዱ» አሏቸው። አቶ ገብረ ሕይወት ቀና ሳይሉ ወጡ። ሙሾው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንን ዛፎች እስኪያልፉ ይሰማቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ሸፈተ። ብዙ ሰው አለቀ፤ ብዙ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ ልኬቱም ቀረ፣ ግብሩም ተነሣ ተባለ። ሰብለ ወንጌል ወደ ቢቸና አልተመለሰችም፤ እናቷን ይዛ ገጠር ቀረች።

ሹሙ ግን ቃሉን አላጠፈም። አገር ሰላም መሆኑን ለእንግዶቹ ማሳየት ፈልጎ ቴአትሩ ይታይ ብሎ አዘዘ። አቶ ገብረ ሕይወት አመመኝ ቢሉ የሚሰማቸው አጡ። ለሙሽራዋ ይርጋነሽ የምትባል ሌላ መምህርት ተገኘች፤ ቃሉን ሳትስት ዘፈነች። አዳራሹ በማሾ መብራት ደመቀ፤ ሹማምንቱ ከፊት ተቀምጠው አጨበጨቡ። የከተማው ሰው የመጣው ተጠርቶ ስለሆነ እጁን አጣምሮ አየ። ደራሲው ጥግ ላይ ሆነው አኮርዲዮናቸውን ተጫወቱ። ሙሽራዋ ባሏን ስትጣራ ጣታቸው ተሳሰረና ዜማው ተቋረጠ፤ ይርጋነሽ ብቻዋን ጨረሰችው።

ቤት ሲገቡ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እራት አቀረቡ።

«እንዴት ነበር?» አሏቸው።

«ሞልቶ ነበር» አሉ አቶ ገብረ ሕይወት።

እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ፤ እህሉን ግን አልነኩትም። ከዚያ ወዲህ በድንበር የተጣላ ሰው ሁሉ ደጃቸውን አልፎ ደብረ ማርቆስ ድረስ ቀያሽ ፍለጋ ይሄድ ጀመር።